ሦስተኛው «አይ»

እዚህ አገር የመጀመሪያውን ቀን ጦሜን ያደርኩት ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ምግቡ ፊቴ ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጠን ያሉ ሴትዮ ናቸው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስገባ ገበታ አቅርበው ጠበቁኝ። ድንች አለ፣ ሥጋ አለ፣ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ አንድ ነጭ ነገርም አለ። «ትበያለሽ?» አሉኝ። «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኩ። የት እንደበላሁ እግዜር ይወቀው። እሳቸውም «እሺ» ብለው ድንቹንም፣ ሥጋውንም፣ የሚንቀጠቀጠውንም አንድ በአንድ እየከደኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቱት።

እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እየጠበቅኩ ነው። ምን እንደምጠብቅ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። «ኧረ ተይ፣ ትንሽ ቅመሺ» እስኪሉኝ ነው። ከዚያ እኔ «ኧረ እውነቴን ነው» እላለሁ፣ እሳቸው «በሞቴ» ይላሉ፣ እኔም እያፈርኩ ቀረብ እላለሁ። ሴትዮዋ ግን እጃቸውን ታጠቡና የመታጠቢያ ቤቱን ማብሪያ አሳይተውኝ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ንፉግ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ውሃ ጠጥቼ ተኛሁ።

ይህን የማወራው ለሳቅ ብዬ አይደለም። በእርግጥ ስንት ሰው አስቄበታለሁ። ግን አባቴን በሕይወት ሳላገኘው የቀረሁት በዚችው በአንዲት «አይ» ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር ብዬ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ አንድ ክፍል ናት፤ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና፣ ካውያ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ጆንያ፣ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ ወንበር። ምሳውን ከቤት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ታዲያ አባዬ ብቻውን በልቶ አያውቅም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ይሁን፣ ዝናብ ያስጠለለው ይሁን፣ በምሳ ሰዓት ሱቁን የረገጠ ሰው ሁሉ ይለመናል። ሰውየው «በልቻለሁ» ይላል። አባዬ «ይሁን፣ ቅመስ» ይላል። «ኧረ ጠግቤያለሁ።» «በሞቴ!» ሰውየው ይቀመጣል፤ እኔ የምጠብቀው ትራፊ እዚያው ያልቃል። አንድ ቀን ተናድጄ «በልቻለሁ አለህ እኮ፣ ለምን ትለምነዋለህ?» አልኩት። መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «የመጀመሪያው አይ የአፍ ነው። ሁለተኛው የይሉኝታ ነው። ሦስተኛው ነው የሆድ። ሦስተኛውን ሳይሰሙ ሰውን ማመን ነውር ነው፤ ሦስተኛውን ሰምቶ የሚለምን ደግሞ ጨቅጫቃ ነው።»

እኔ በዚህ ሕግ አድጌ ነው እዚህ የመጣሁት።

የምማረው ስለ ዘር ነው። መቶ ፍሬ እርጥብ ወረቀት ላይ ትደረድራለህ፣ ሙቀቱ የማይለዋወጥ ሣጥን ውስጥ ታስገባለህ፣ በአራተኛውና በስምንተኛው ቀን ስንቱ እንደበቀለ ትቆጥራለህ። ሥራው ይኸው ነው። ቤተ ሙከራው ነጭ ነው፣ ዝም ያለ ነው፣ ሰዓቱ ስድስት ሲል ሁሉም ምሳውን ከየሣጥኑ ያወጣል። አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን እያንዳንዱ የየራሱን ሣጥን አቀርቅሮ ይበላል። የመጀመሪያው ሳምንት ሣጥኔን ከፍቼ ዝም ብዬ መጉረስ አቃተኝ። አፌ ለምዶበት «እንብላ» ብዬ ዞር ዞር አልኩ። «ብዪ፣ ይባርክልሽ» እንደሚሉኝ ነው የማውቀው። አጠገቤ የነበረው የቤተ ሙከራው መስታወት ዕቃ አጣቢ፣ ግዙፍ ሰውዬ፣ «እውነት? እንዴት ያለሽ ደግ ነሽ» አለና ሹካውን ይዞ ገባበት። ግማሹን በላው። ደግሞ ጣፈጠኝ ብሎ የአሠራሩን ዘዴ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ቀን አፌን ዘጋሁ።

ከዚህ ጉድ ያወጣችኝ አንዲት ያገሬ ልጅ ናት። ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ተማሪው ሁሉ «ነባሯ» ይላታል። በአራተኛው ቀን ደህንነቴን ልትጠይቅ መጥታ ከንፈሬ ደርቆ አገኘችኝና ምን እንደሆንኩ ስነግራት ወንበሩ ላይ ተንከትክታ ሳቀች።

«ስሚ» አለችኝ፣ «እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠየቀው። አይ ካልሽ አይ ነው። ደግሞ መጠየቅ ለእነሱ ስድብ ነው፤ ውሸታም ነሽ እንደማለት። ይሉኝታሽን ከፈለግሽ ሻንጣሽ ውስጥ ቆልፊበት፤ ስትመለሺ ትለብሺዋለሽ።»

ተለማመድኩ። አከራዬ በማግሥቱ «ትበያለሽ?» ሲሉኝ ጥርሴን ነክሼ «አዎ» አልኩ። ፊቴን እሳት በላው፤ የለመንኩ ነው የመሰለኝ። የሚንቀጠቀጠውን ነጭ ነገር አቀረቡልኝ። እንቁላል ይሁን ዓሣ፣ ጣፋጭ ይሁን ጨው እስክቀምሰው አላወቅኩም፤ ከቀመስኩት በኋላም አላወቅኩም። «ልጨምርልሽ?» አሉ። «አይ» አልኩ። ሳህኑ ተነሳ። ምንም አልሆነም። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተቀየመም።

ከዚያ በኋላ ወደድኩት። እውነቱን ልናገር፣ ከልቤ ወደድኩት። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሁለተኛው መደርደሪያ የእኔ ነው፤ ማንም አይነካብኝም፣ የማንንም አልነካም። አዎ ካልኩ ይሰጡኛል፣ አይ ካልኩ ይተዉኛል። ሰው ልቤን ሊመረምር አይደክምም፣ እኔም የማንንም ልብ ለመመርመር አልደክምም። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አንደኛ ወጣሁበት። ስልክ ስደውል አባዬ «በላሽ? ምን በላሽ? አልበላሽም፣ ድምፅሽ ይናገራል» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ይደክመኝ ጀመር። «በልቻለሁ አልኩህ እኮ» እለዋለሁ።

ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ከአገር ቤት አንዲት ልጅ መጣች። ነባሯ የሚለው ስም ስለተያዘ ይህችን «አዲሷ» አልናት። ከደረሰች ሳምንት ሳይሞላት፣ አንድ ቅዳሜ ወደ ማታ አካባቢ እኔ ጋ መጣች። ወጥ ሠርቼ ገና ማውጣቴ ነበር። «ትበያለሽ?» አልኳት። «ኧረ በልቻለሁ፣ አትቸገሪ» አለች። ዓይኗ ድስቱ ላይ ነው። አየሁት። ዓይኗ የት እንዳረፈ አላየሁም ብል ውሸት ነው። ግን ለእኔ ማን አዘነልኝ፣ እሷም ትማር ብዬ ድስቱን ከድኜ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ግማሽ ሰዓት ስለ መኝታ ቤቷ ሙቀት ስታወራኝ የማቀዝቀዣውን በር እያየች ነበር። ከዚያ ሄደች።

አባዬ የታመመው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ወር ነው። የነገረችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ እትዬ የምንላት፣ ከእሱ ጋር የምትኖረው። «ትንሽ አሞታል» አለች። በእኛ ቤት «ትንሽ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱቁ አልተከፈተም። የአባዬ ሱቅ ለራሱ ሠርግ እንኳን የተዘጋው ለግማሽ ቀን ነው ይባላል።

ፊቴ ላይ ያስታውቅ ኖሮ አማካሪዬ ጠርቶ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ትንሽ አሰበ። «ሦስት ሳምንት ሂጂ» አለኝ። «ዘሩን እኔ እቆጥርልሻለሁ። ጉዞውን ቢሮው ይጨርስልሻል። ግን ትሄጂ እንደሆነ ነገ እስከ ምሳ ሰዓት ንገሪኝ፤ ከዚያ ወዲያ እኔም ለረጅም ጊዜ እወጣለሁ፣ የሚተካሽ የለም።»

ጥሩ ሰው ነው። አንዴ ጠየቀኝ፣ ግን አጠያየቁ ሙሉ ነበር። እኔ እዚያው «እሄዳለሁ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እስቲ አባቴን ልጠይቀው አልኩ፤ ለእትዬም ነገ ደውዬ እንደምጠይቀው መልእክት ላክኩላት።

በማግሥቱ የምሳ እረፍት ላይ ደረጃው ሥር ቆሜ ደወልኩ። ስልኩን እትዬ አንስታ አባዬ ጆሮ ላይ አደረገችለት። ድምፁ ከሩቅ ነበር የሚመጣው።

«አቤት ልጄ።»

«አባዬ፣ ፈቃድ ሰጥተውኛል። ልምጣ?»

ልክ እንደዚህ። «ልምጣ?» ልክ አከራዬ «ትበያለሽ?» እንደሚሉት።

«ኧረ ተይ ልጄ» አለ። «ምን ሆንኩና ነው ይህን ሁሉ መንገድ። ጉንፋን ነገር ነው። ትምህርትሽን ጨርሺ።»

«እሺ አባዬ» አልኩ።

ድምፁ ከስልኩ ራቀ። እኔ የእጅ ሰዓቴን አየሁ። በእሱ በኩል ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ፣ ቃሉ የማይለይ ሹክሹክታም ይሰማኛል። ከዚያ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በላሽ?»

«በልቻለሁ።»

«ምን?»

«ድንች።»

«ድንች ምግብ ነው እንዴ? በደንብ ብዪ እንጂ።»

«እሺ።»

«በሞቴ፣ ብዪ።»

«እሺ አልኩህ እኮ አባዬ።»

ቻው ተባባልን። ደረጃውን ወጥቼ ለአማካሪዬ «አባቴ አያስፈልግም ብሏል፣ አልሄድም» አልኩት። «እሺ» አለ። ቀለል አለኝ እንኳ ማለት ይቻላል። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ጠየቅኩ፣ ተመለሰልኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ የቤቱ ደወል ጮኸ። ነባሯ እሑድ ከቀትር በፊት ከአልጋ ወርዳ አታውቅም። በሩን ስከፍት ጥቁር ሻሽ አስራ፣ የጆሮ ጌጧን አውልቃ፣ አዲሷን አስከትላ ቆማለች። አላስጨረስኳትም። «አባዬ ነው?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አርብ አርፎ አርብ ተቀብሯል። እትዬ በስልክ ልትነግረኝ አልደፈረችም፤ ሰው ይንገራት ብላ ነባሯን ፈልጋ አገኘች።

አልጮህኩም። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ መሬት ላይ የምንከባለል ይመስለኝ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ጨካኝ ሆኜ ዓይኔ ደርቆ ሳይሆን፣ ውስጤ ማንም የሌለበት ቤት ሆኖ ነው። የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማኛል። የነባሯ ጫማ አንደኛው ክር መፈታቱ ይታየኛል። «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። አላለቀስኩም። አከራዬ ነገሩን ሲሰሙ ጉንጫቸው ቀላ፤ «አብሬሽ ልቀመጥ?» አሉኝ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። «እሺ» ብለው ገቡ።

ስምንተኛው ቀን የደረሰ ዘር ነበረኝ፤ ከቀትር በኋላ ሄጄ ቆጠርኩ። ከመቶው ዘጠና አንዱ በቅሏል። ጻፍኩት። ሰኞም ሄድኩ። መስታወት አጣቢው ሰውዬ ሰምቶ ኖሮ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ። ምሳ ሰዓት ላይ ሣጥኔን ከፍቼ አየሁትና መልሼ ዘጋሁት። ማንም ለምን አላለኝም። ይህን ነበር እኮ የወደድኩት።

ማክሰኞ ከሥራ እንደወጣሁ እትዬ ደወለች። ለቅሶ ሰውነቷን ጨርሶት ድምፅ የላትም። ስለ ቀብሩ ነገረችኝ፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ። ከዚያ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትቀየሚኝ» አለች።

«ንገሪኝ።»

«ያን ቀን ስትደውዪ ልትጠይቂው እንደሆነ አስቀድሜ ነግሬው ነበር። ጠዋት ፀጉር አስተካካዩን አስጠርቶ አልጋው ላይ ተላጨ። ልጄ በዚህ ፂም አታየኝም ብሎ። ሰማያዊውን ሸሚዝ አስተኩሶኝ ነበር።»

«ኧረ ተይ ያለኝ እኮ እሱ ነው» አልኳት።

«ምን ይበልሽ? ነይልኝ፣ ልሞት ነው ይበልሽ? ደግሞስ ታሞ የተኛ አባት ልምጣ ተብሎ ይጠየቃል? ይመጣል እንጂ!»

ቀጥሎ የነገረችኝን እሷ ለማሳዘን አልተናገረችውም። እንዲያው ሆዷ ውስጥ ማቆየት አቅቷት ነው። እኔ «እሺ አባዬ» ስል አባዬ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው። «ተቋረጠ እንዴ?» ብሎ እትዬን ጠየቃት። እሷም ሰምታ ነበርና «አልተቋረጠም፣ እሺ አለችህ» አለችው። «አንዴ ብቻ?» አለ። ከዚያ ነው ስልኩን መልሶ በላሽ ወይ እያለ የጠየቀኝ። ከዘጋን በኋላ ወደ ግድግዳው ዞሮ «ጎበዝ፣ ተምራለች» አለ። ሸሚዙን መልሺው አላት።

ለእትዬ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነበር የማወራው። ወረድኩ፣ መንገዱን ተሻገርኩ፣ ቤቱን ከፈትኩ፣ ኮቴን ሰቀልኩ። ያ ሁሉ ተነግሮኝም ምንም አልተሰማኝም። እኔ ሰው ነኝ ወይ ብዬ በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊቴን አየሁት። ፊት ነው።

ደወሉ ጮኸ። አዲሷ ናት፤ በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን ይዛለች። ወጥ ቤት አስገባኋት። ሳህኑን ፈታች፣ ማንኪያ ፈልጋ አገኘች፣ ፊቴ አስቀመጠችው። ሩዝ በምስር ነው፤ ገና ይጨሳል።

«ትንሽ ቅመሺ» አለች።

«በልቻለሁ።»

«ኧረ ግድ የለሽም፣ ሁለት ማንኪያ ብቻ።»

«አልችልም፣ የእውነት።»

ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «በሞቴ» አለች።

ሦስተኛውን «አይ» ፈለግኩት፤ አጣሁት። ከእሑድ ጀምሮ ሆዴ ባዶ መሆኑን ያወቅኩት ማንኪያውን ካነሳሁ በኋላ ነው። በላሁ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ልጅቷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አፌን ነው የምታየው፤ አባዬ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሰው እንደሚያየው። ግማሽ ላይ ስደርስ ያ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ድስቱ፣ ዓይኗ፣ የማቀዝቀዣው በር።

«መጀመሪያ የመጣሽ ጊዜ» አልኳት፣ «ርቦሽ ነበር?»

የቱ ጊዜ አላለችም። አቀረቀረች። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር።»

«ታዲያ ለምን በልቻለሁ አልሽኝ?»

«ደግመሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ነዋ» አለች።

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። የአባቴ መርዶ የደረሰኝ ያን ጊዜ ነው። አከራዬ ድምፄን ሰምተው በባዶ እግራቸው ከክፍላቸው ወጡ።